ከመለኪያው አጠገብ የተከልኩት ኮሶ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት

ቃሊቲን ስናልፍ መንገዱ ላይ ያለነው እኛና ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች ብቻ ነን። ሾፌሬ ደረጀ የጎባ ልጅ ነው፤ አያቱ ከሸዋ ሄደው እዚያው የቀሩ። ሲቆጣ በኦሮምኛ፣ ሲያማትብ በአማርኛ ነው። ገና ከተማውን ሳንለቅ ባሌ ምን ልሠራ እንደምሄድ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ እስክጠየቅ ነው የምጠብቀው፤ አንድ በአንድ ነገርኩት።

ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሚመጣው አይገባችሁም። ሥራዬ የከባቢ አየርን ጠባይ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ሰማዩን በሣጥን በሣጥን እንከፍለዋለን። ለእያንዳንዱ ሣጥን ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ እርጥበቱን እንሰጠዋለን፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ወደፊት ምን ሊመጣ እንደሚችል ያሰላልናል። ሞዴል የምንለው ይህንን ነው። እኔ በተለይ የማጠናው ከልክ ያለፈውን ነው፤ ያልተለመደ ጎርፍ፣ ያልተለመደ ድርቅ። በእኔ ሞዴል ከዲንሾ እስከ ጎባ ያለው ደጋ በሙሉ አንድ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑን የማርመው በአንድ የዝናብ መለኪያ ነው። መለኪያው ከዲንሾ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ ኦቦ አማን የሚባሉ ገበሬ ማሳ ጥግ ቆሟል። ዐሥራ አንድ ዓመት አንድም ጠዋት ሳያስቀሩ የለኩልኝ እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ቁጥር ተነስቼ የባሌ ደጋ ዝናብ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ስም አስገኘልኝ፤ ዶክተር የተባልኩትም በእሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሮቤ ላይ ለገበሬ ተወካዮችና ለግብርና ባለሙያዎች ይህንኑ ላቀርብ ነው የምሄደው። የንግግሬ የመጀመሪያ ስላይድ ሁልጊዜ አንድ ፎቶ ነው፤ መለኪያውን ያቆምን ቀን ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ችግኝ ስተክል። ሰው ፎቶውን ሲያይ ያጨበጭባል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ እቀበላለሁ።

አንድ ነገር ግን ልቤን እየበላኝ ነበር። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ ቢሮዬ መጥታ፣ ሳተላይቱ የሚያየው ዝናብና የኦቦ አማን ቁጥር በየዓመቱ እየተራራቀ መሄዱን አሳየችኝ፤ ጣቢያውን ሄዶ ያየው ሰው አለ ወይ ብላም ጠየቀችኝ። ሳተላይት የባሌን ጉም አያውቀውም ብዬ ሸኘኋት። ተቀይሜ ነበር። በዚህ ጉዞ ዲንሾ ለመቆም የወሰንኩት እውነቱን ፈልጌ እንዳይመስላችሁ፤ ልጅቷን ላሳፍራት ብዬ ነው።

ምሳ ዶዶላ በላን፤ ጥብሱ ጠንካራ፣ ሚጥሚጣው ጥሩ። ከአዳባ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይይዛል፤ ብርዱም በመስኮቱ ቀዳዳ ይገባል። ካፖርት ደርበው፣ ባለ ጥልፍ ኮርቻ ጭነው ከገበያ የሚመለሱ ፈረሰኞች ዳር ይይዙልናል። ዲንሾን ሳንቆም አለፍናት። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ስብሰባ አለብኝ፣ ሁልጊዜ ስመለስ አየዋለሁ እላለሁ። ኦቦ አማንን መለኪያውን ካቆምንበት ቀን ወዲህ በዓይኔ አላየኋቸውም።

ሮቤ ስንደርስ ሜዳው ታርሶ ጥቁር ሆኖ ዘር ይጠብቃል። ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ይሯሯጣሉ። ሆቴሉ ሙቅ ውሃ አለ ብሎ ያስከፈለኝ አልበቃ ብሎ ውሃውም አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጎባና ሳነቴ

ስብሰባው ቅዳሜ ስለሆነ ደረጀ አገሩን ላሳይህ ብሎ ይዞኝ ወጣ። ጎባ ላይ ሻይ ጠጥተን ወደ ሳነቴ አቀናን። ከደን ወጥተን ራቁቱን ደጋ ስንይዝ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች በጉሙ ውስጥ እንደቆሙ ሰዎች ይታያሉ። አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱን ተሻግሮ ቆሞ አየንና፣ ንቆን ሄደ። ከዚያ በረዶ ወረደ። የመኪናው ጣሪያ ሲንኳኳ መነጋገር አልቻልንም፤ ዳር ይዘን ቆምን።

ሲያባራ ደረጀ መስታወቱን በእጅጌው እየወለወለ፣ ጥናቴ ዝናብ ቀነሰ ነው የሚለው ወይስ እሱ ነው በደንብ ያልሰማኝ ብሎ ጠየቀኝ። ቀነሰ ነው አልኩት። ባለፈው ዓመት በሐምሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ጎርፍ የወንዝ ዳር ገብስ በሙሉ ጠርጎ ሲሄድ በዓይኑ አይቷል፤ መንገዱ ተቆርጦበት አንድ ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። እኔም ምሁራዊ መልስ ሰጠሁት። አማካይ ሲቀንስም አንዳንድ ከባድ ዝናብ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱ አይጋጩም አልኩ። ነገሩ በመርህ ደረጃ ልክ ነው። ደረጀ አልተከራከረኝም፤ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ማርሽ አስገባ። እንዲህ የሚለኝ ሰው አምኖኝ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ዲንሾ

ከሦስት ሰዓት በፊት ደረስን። ኦቦ አማን መለኪያው ያጠራቀመውን ውሃ በብልቃጥ የሚለኩት በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሲለኩ ላያቸው ፈልጌ ነበር። ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ነጭ ቆባቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመው መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁናል። አርጅተዋል። በያዝኳት ጥቂት ኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደሩ አልኳቸው፤ «ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዐሥራ አንድ ዓመት ስላልመጣሁበት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያ መጀመሪያውኑ አሳፈረኝ፤ የሚመጣውን አላወቅኩም እንጂ።

በገብሱ መሃል ወደ ማሳው ጥግ ሄድን። መለኪያውን በዓይኔ ፈለግኩ፤ ያየሁት ዛፍ ነው። መለኪያውን በከበበው የሽቦ አጥር ውስጥ ግንዱ የወፈረ፣ ቅርንጫፉን ወደ አራቱም አቅጣጫ የዘረጋ ኮሶ ቆሟል። መለኪያው ከሥሩ፣ ሁለት እርምጃ እንኳ ሳይርቅ፣ በቅጠሉ ተከድኗል።

ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረውን ልንገራችሁ። የዝናብ መለኪያ አጠገቡ ካለ ዛፍ፣ ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ይራቅ። ቅጠል ዝናቡን ይይዘዋል፤ ወደ መለኪያው የሚገባው የተረፈው ብቻ ነው። ዛፍ በየዓመቱ ያድጋል፤ የተረፈውም በየዓመቱ ያንሳል። እዚያው እንደቆምኩ ገባኝ። የባሌ ዝናብ ቀነሰ ብዬ የጻፍኩት የኮሶ እድገት ነው።

ቆጣ ብዬ፣ ይህንን ዛፍ እዚህ ማን ተከለው አልኩ።

ኦቦ አማን ግራ ገባቸው። «አንተ ነህ የተከልከው፣ ዶክተር። ረሳኸው? የችግኝ ቀን ነበር። ከብት የማይገባበት አጥር ያለው ቦታ ይሄ ብቻ ነው አልክ። እዚህ ተንበርክከህ በእጅህ ተከልክ፣ ፎቶ ተነሳህ። አደራ አልከኝ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ስንት አዳራሽ ውስጥ ያስጨበጨበልኝ ፎቶ! ከችግኙ ጀርባ የሚያብረቀርቀው አዲሱ መለኪያ ነው፤ ስንት ዓመት ሳሳየው ሁለቱን አንድ ላይ አላየኋቸውም።

እሳቸው ግን ዛፉን ሊያሳዩኝ ጓጉተዋል። ውርጭ እንዳይመታው ሦስት ዓመት ማታ ማታ ጆንያ አልብሰውታል። በበጋ ውሃ ከወንዝ በጄሪካን ተሸክመው አጠጥተውታል። የእንግዳ አደራ ነዋ! አንዴ በስልክ ዛፉ እያደገ መሆኑን እንደነገሩኝ አስታወሱኝ። ትዝ አለኝ፤ ስብሰባ ላይ ሆኜ፣ የቱ ዛፍ እንኳ ሳልል፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ተንከባከቡት ብያቸው ዘግቼ ነበር።

ከቤት መዝገቡን አመጡልኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማሩት ጽሕፈት፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የዝናቡ ልክ፣ መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ዓምድ። በየወሩ ቅጂውን በአውቶቡስ ይልኩልኛል፤ እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ለሚጽፉት ልጆች ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፣ ምርመራውን ተዉት ብያለሁ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። «ዛፉ ወገቤ ደርሷል።» ከሁለት ዓመት በኋላ «ዛፉ ከእኔ በለጠ።» ከዚያ «ቅርንጫፉ መለኪያው ላይ ደርሷል። ይቆረጥ ወይ?» በቀጣዩ ወር «ይቆረጥ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር።» በቀጣዩም ወር እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የለም።

ለምን ራስዎ አልቆረጡትም አልኳቸው። ሰው ሲያፍር ጥፋቱን የሚያካፍለው ይፈልጋል። አጥሩ ውስጥ ያለውን ማንም እንዳይነካ ብዬ እኔው እንዳዘዝኳቸው በትህትና መለሱልኝ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ የእኔ ጉዳይ ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ገጽ ምክር ጽፌ ለመንደሩ ልኬ ነበር፤ ዝናብ እየቀነሰ ስለሆነ ውሃ የሚቋጥረውን የወንዝ ዳር መሬት እረሱ የሚል። ወረቀቱን ለጎረቤቶቻቸው ያነበቡት ኦቦ አማን ናቸው። ቀድመው የወረዱትም እሳቸው፤ ሰውም ዝናብ የሚለካው አማን ካለ ብሎ ተከተላቸው። ባለፈው ሐምሌ ደረጀ ያየው ጎርፍ ጠርጎ የወሰደው የእነሱን ገብስ ነው። በአጥሩ ላይ ተደግፈው ወንዙን እያሳዩኝ፣ «ዓይኔ ዘነበ ይለኛል፤ ብልቃጡ አልዘነበም ይለኛል» አሉ። «አንተ ብልቃጡን እመን ብለኸኛል። ብልቃጡን አመንኩ።»

ቤት ገብተን ባለቤታቸው ጩኮና ወተት አቀረቡልን። ጩኮውን፣ ያን በቅቤ የታሸ ገብስ፣ እንደ ኮሶ አድርጌ ዋጥኩት። ከዚያ ስናገረው የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ፤ መጻፉም ያሳፍረኛል። አዲስ አበባ ሄጄ ቁጥሮቹን ቀስ ብዬ አስተካክላለሁ፤ ነገሩ የሙያ ጉዳይ ስለሆነ ለሰው መንገር አያስፈልግም አልኳቸው። ቅዳሜ ሮቤ የሚጠብቀኝ አዳራሽ ነበር የሚታየኝ።

ኦቦ አማን የያዙትን ወተት አስቀመጡ። ደረጀ ጫማውን ያያል።

«ለአንተ አያስፈልግም፤ ለእኔ ያስፈልጋል» አሉ። «ድሮ ሰው ሳይዘራ በፊት ደጄ ይመጣ ነበር፤ አማን፣ ሰማዩ እንዴት ነው ይለኛል። ከጎርፉ ወዲህ አንድም አልመጣም። በደጄ አልፎ ሄዶ ይዘራል። አማን ቁጥር ከራሱ ይጽፋል ይላሉ። ወላሂ፣ አንድ ጠዋት አልዋሸሁም። ነገ ጁምዓ ነው፤ ከሶላት በኋላ ሰው ይሰበሰባል። በአፍህ ንገራቸው።»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ደፍሬ አይደለም፤ እምቢ ለማለት አንገቴን ቀና ማድረግ ስላልቻልኩ ነው። ሳይመሽ፣ ለሮቤ ማሳያ ብዬ መኪና ውስጥ ያመጣሁትን ሌላ መለኪያ አውጥተን ሜዳው መሃል፣ ከሁሉ ነገር አርቀን አቆምነው።

ዓርብ

ሲዘንብ አደረ። ሦስት ሰዓት ላይ ኦቦ አማን መጀመሪያ ከዛፉ ሥር ያለውን ቀዱ። ብልቃጡን ከዓይናቸው ትክክል ከፍ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው አነበቡ፤ ስድስት ሚሊ ሜትር። ከዚያ የሜዳውን፤ ዐሥራ ሦስት። ሁለቱን መዝገብ ላይ ጻፉ። እኔን አላዩኝም። ሳይዋሹ ዓመት ሙሉ ውሸታም የተባሉ ሰው በዚያች ጠዋት ሊጮሁብኝ ይገባ ነበር፤ ብልቃጡን አጥበው ደፉት።

ሶላት እስኪወጣ አጥሩ ጋ ቆሜ ንግግር ስሸመድድ ደረጀ መጣ። በዚህ አገር ይቅርታ በባዶ እጅ አይጠየቅም አለኝ፤ ጎንበስ ብሎ ከመለኪያው ሥር እርጥብ ሣር ነጭቶ በሁለት እጄ አስያዘኝ። አዳራሽ ውስጥ ጠቋሚ መብራት እንጂ ሣር ይዤ አላውቅም።

ሰዎቹ ከመስጊዱ በታች ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ደረጀ ያስተረጉምልኛል። እኔም ጀመርኩ፤ ስለ መለኪያ አቀማመጥ፣ ስለ ቅጠል፣ ስለ ሞዴል፣ ስለ ስህተት መጠን። አምስት ደቂቃ ያህል ሳወራ ቆይቼ ዝም ስል ደረጀ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ምን አልካቸው ስለው፣ «ዛፉን የተከለው እሱ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ኦቦ አማን አልዋሹም አልኳቸው» አለኝ። ሌላ ምን ቀረ? ምንም። ሣሩን ይዤ ቆምኩ።

ኦቦ አማን ከኋላ ተቀምጠው መሬቱን በበትራቸው ይጭራሉ። ከዚያ ከማል የሚባል ጎረቤታቸው ተነሳ፤ ከጎርፉ በኋላ በሬውን የሸጠ ሰው ነው። ስድብ እጠብቅ ነበር። በአማርኛ፣ ፊት ለፊት ጠየቀኝ።

«ታዲያ ዝናቡ እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። የተጻፈ መልስ ነበረኝ፤ በሥዕል፣ በቀለም። ሁሉም የቆመው ከዚያ ኮሶ ሥር ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

ደረጀ «ሂን ቤኩ» ብሎ ተረጎመው። አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከማንኛውም ስድብ ያቺ ከንፈር መምጠጥ ባሰችብኝ።

ከማል ትንሽ አየኝና ፊቱን ወደ ኋላ መለሰ። በኦሮምኛ የተናገረውን ደረጀ በጆሮዬ ነገረኝ፤ አማን፣ አንተስ ምን ትላለህ ነው ያለው። ከዓመት በኋላ የጠየቃቸው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ኦቦ አማን በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። አሁን መናገር እንደማይችሉ፣ የሜዳው መለኪያ ገና የአንድ ቀን ቁጥር ብቻ እንዳለው ተናገሩ። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ና፤ አብረን እናያለን» አሉት።

የያዝኩትን ሣር አንድ ሽማግሌ ተቀብለውኝ መሬት ላይ አኖሩት። ይቅር ማለታቸው ይሁን መስማታቸው ብቻ፣ አልጠየቅኩም።

ወደ ማታ ዛፉን እንቁረጠው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ኦቦ አማን ተቆጡ፤ በዚህ ሁሉ ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ዛፉ ምን አጠፋ አሉኝ።

ቅዳሜ

ሦስት ሰዓት ላይ ከማል መጣ። ሁለት ጎረቤቶችም አብረውት ናቸው። ኦቦ አማን ብልቃጡን ለከማል ሰጥተው እንዲያነብ አደረጉት፤ እሱም ዓይኑን አጥብቦ አነበበ፤ እሳቸውም ጻፉ። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩና ምርመራ የሚለው ዓምድ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ጻፍ አሉኝ። በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ ቀኑን ጨመርኩ፤ ፈረምኩ።

ቀስ ብለው አነበቡት። ስሜ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መዝገቡን ዘግተው፣ ያለ ቁጣ፣ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ጠየቁኝ።

«ይሄንንስ ማን ያነበዋል?»

ሮቤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ስላይድ ሲወጣ እንደተለመደው አጨበጨቡ። እስኪያበቃ ቆምኩና በፎቶው ላይ ችግኙንና መለኪያውን አንድ በአንድ አሳይቼ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ሌላ ስላይድ አላሳየሁም። ማንም አላጨበጨበም። ከፊት የተቀመጡ አንድ ባለሙያ ማስታወሻቸውን ዘግተው እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ማለዳ ከሮቤ ተነስተን ማታ ገባን። ዲንሾ ስንደርስ ደረጀ ሳልነግረው ፍጥነቱን ቀነሰ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ኦቦ አማን ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ሜዳውን ያቋርጣሉ፤ ከኋላቸው ከማል ይከተላል። ጥሩንባ አትንፋ አልኩት።

ለተማሪዬ ደወልኩላት። እውነትሽን ነበር አልኳት፤ ሰማችኝና ጣቢያው አሁን የት እንደቆመ ብቻ ጠየቀችኝ። ጥናቴን ላተመው መጽሔትም ልጽፍ ነው። መጽሔቱን ግን ዲንሾ የሚያነበው ሰው የለም፤ የዲንሾን መዝገብም አዲስ አበባ የሚያነበው አልነበረም። የኦቦ አማንን ጥያቄ ሳልመልስ ስለመጣሁ፣ በእጄ የጻፍኩትን ምርመራ እንዳለ ገልብጬ እዚህ አስቀምጫለሁ፦

«ከዚህ በፊት ያለው ቁጥር ሁሉ በትክክል የተነበበ ነው። ያነሰው ዝናቡ ሳይሆን ወደ መለኪያው የገባው ነው። ኦቦ አማን ጽፈውልኝ ነበር፤ አላነበብኩም። ዛፉን የተከልኩት እኔ ነኝ።»